የአባቴ የኮሶ ቀኖች

ደበሌ ስለ ሰው ሆድ ዕቃ የሚያውቀው ፍየል ሲታረድ ቆሞ ካየው አይበልጥም ነበር። እኔ ግን በስምንት ዓመቴ በቡታጅራ ከእሱ የበለጠ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ከገበያው በላይ፣ ቆርቆሮ የለበሰች ባለ ሁለት ክፍል ሐኪም ቤት ተከፍታ ነበር። ጣሊያኑ ሐኪም በወር አንዴ በካሚዮን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ያድራል፣ ይሄዳል። በቀረው ጊዜ ቤቱን የሚጠብቀው፣ ወለሉን የሚጠርገው፣ ጠርሙስ የሚያጥበው ደበሌ ነው። ቁልፉ እሱ ዘንድ ስለሆነ ነጩንም ካፖርት ለበሰው። ካፖርቱን ከለበሰ በኋላ መጥረጊያ መያዝ ነውር ሆነበትና ጠረጋውን ለሚስቱ ተወላት። እኛ ልጆች በጣሊያንኛ «ዶቶሬ»፣ ሐኪም፣ እንለው ነበር፤ እንዲህ ካላሉት ዞር ብሎም አያይ።

ግድግዳው ላይ የአንድ ሰው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሆዱ ተከፍቶ ያለው ዕቃ ሁሉ በቀለም በቀለም ይታያል። ደበሌ በሸምበቆ እየጠቆመ ያስተምረን ነበር። ቡናማውን፣ ትልቁን «ይሄ ጨጓራ ነው» ይላል። ጉበት ነበር። ከጉበቱ ሥር ያለችውን አረንጓዴ ከረጢት «ይቺ ኩላሊት» ይላል። የሐሞት ከረጢት ነበረች። ቆሽትን ምንነቱን ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይዘለዋል። የተጠማዘዘውን ትንሹን አንጀት ከላይ ጀምሮ በሸምበቆው እየተከተለ ይወርድና መሐል ላይ ሲጠፋበት፣ «ከዚህ በኋላ ያለው ለሐኪም ብቻ ነው» ብሎ ሸምበቆውን ያወርዳል። እኔም በነርስነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ፈተና የወደቅኩት ጉበቱን ጨጓራ ብዬ ጽፌ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ያንን ሥዕል ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ፤ ከነደበሌ ስህተት።

ለሆድ በሽታ ሁሉ ከጣሊያኑ የለቀማቸው ሦስት ስሞች ነበሩት። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ከሆነ «ጋስትሪቴ»፣ ከእምብርት በታች ከሆነ «ኮሊቴ»፣ ደም ከታየ «ዲሴንቴሪያ»። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ነው፣ ሆድ የሚያስቀምጠው የጉሎ ዘይት። ቃር የሚያቃጥለውም፣ ሆዱ የተነፋውም፣ ድርቀት ሳምንት ሙሉ አስሮ ያቆየውም፣ ተቅማጥ እንደ ውኃ የሚያወርደውም ያንኑ ዘይት ይጠጣል። ተቅማጥ ላለበት ሰው የጉሎ ዘይት! በዚህ ስንቱን እንደጨረሰ አላውቅም፤ የሞተ ሰው ተመልሶ አይከስስም። ሰዉ ግን ስሙን ወደደለት። ዕድሜውን ሙሉ «ሆዴን ቆረጠኝ» ሲል የኖረ ገበሬ «ኮሊቴ ይዞሃል» ሲባል፣ ሹመት እንደተሰጠው ደረቱን ነፍቶ ይወጣ ነበር።

እኔን የማረከኝ በክኒን ነው። ወስፋት ሆዴን እንደ ቅል አሳብጦት ነበር። ደበሌ አንዲት ክኒን ሰጠኝና በላይዋ ካራሜላ ጨመረልኝ። በማግስቱ ወስፋቶቹ ወጡ። ክኒኗን ቆጥሮ ያስቀመጠው ጣሊያኑ ሐኪም እንደነበረ ያኔ የት አውቄ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ በጠርሙስ የተቀመጠ አንድ ረጅም የኮሶ ትል ነበረ፤ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ተጠቅልሎ የተኛ። ደበሌ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ እያሳየ እንዲህ ይለን ነበር።

«አንገቱን አያችሁ? እንደ ክር የቀጠነውን? ጭንቅላቱ እዚያ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ካልወጣ ገላው ቢወጣም ዋጋ የለው። መልሶ ያድጋል። ሰውዬውን ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል።»

በሕይወቱ ትክክል የተናገረው ይህን አንድ ነገር ነው። እሱም ግማሹ ብቻ ነው፤ የኮሶ ትል ያከሳል፣ ያዳክማል እንጂ ሰውን በልቶ አይጨርስም። እኔ ግን ግማሽ ከግማሽ የምለይበት ዕድሜ አልነበረኝም።

የኮሶን ነገር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር የኮሶ ትል ያረባል፤ እኛ ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም ክትፎ አንጠላም። ስለዚህ ትልቅ ሰው ሁሉ በሁለት ወር አንዴ የኮሶ አበባ አስወቅጦ፣ በውኃ በጥብጦ፣ ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆዱ ይጠጣል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከእንሰቱ ሥር ወደ ቆፈረው ጉድጓድ ሲመላለስ ይውላል፤ የወጣውንም ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም፣ አይጠየቅም። እንግዳ ደጅ ደርሶ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ አንድ ቃል ሳይጨምር ይመለሳል፤ አማችም ቢሆን፣ ዳኛም ቢሆን። ጣሊያን ሰዉን ለመንገድ ሥራ ሲያስቆጥር እንኳ፣ ቆጣሪዎቹ የአገር ልጆች ስለነበሩ፣ «ኮሶ» የተባለበትን ስም ዘለው ያልፉ ነበር።

አባቴ ሸምሶ የጨው ነጋዴ ነው። ሌላው በሁለት ወር የሚጠጣውን ኮሶ እሱ በየሦስት ሳምንቱ፣ ኋላም በየሁለት ሳምንቱ ይጠጣ ጀመር። ከተማው መሳቂያ አደረገው። «የሸምሶ ትል ቢዘረጋ ከዚህ ሶዶ ይደርሳል» ይሉ ነበር። አንዳንዱ «ሆዳም ስለሆነ ነው፣ ጥሬ ሥጋ አይቶ አያልፍም» አለ። ሌላው ደግሞ «ሐሞተ ቢስ! የመንገዱን ሥራ ፈርቶ ነው» አለ። አጥራችንን የምትጋራው ጎረቤታችን ከድጄ፣ ባሏ የሞተባት ምላሰኛ ሴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ እናቴን ትነካካታለች።

«ሰፍያ፣ የባልሽ ትል እኮ ቤት ሠራ! ግብር አስከፍይው እንጂ!»

አባቴ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ምን ላድርግ እትዬ ከድጄ፣ ቤቱን ወደደው» ይላታል።

እኔ ግን አላስቀኝም። ልጆቹ «የትል ልጅ» ይሉኝ ነበር። አባቴን ናቅሁት። የሌላው አባት ድንጋይ ሲሸከም፣ መዶሻ ሲያነሣ ውሎ ይመጣል፤ የእኔ አባት ከእንሰት ሥር ቁጢጥ ብሎ ይውላል። እናቴንም ናቅኋት፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ አዋቂ ከተማው መሐል ቁጭ ብሎ እያለ መራራ አበባ የምትወቅጥ መሃይም ሆና ታየችኝ። ይህን ንቀት ማንም አላስተማረኝም። ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ከካራሜላው ጋር ዋጥኩት።

በኮሶ ቀን አባቴ የሚውለው ከእንሰቱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ጎጆ ነበር። እናቴ በሩን ትዘጋበታለች፤ «አባትሽ ኮሶ ጠጥቷል፣ እንዳትቀርቢ» ትለኛለች። ለብ ያለ ውኃ በገንቦ ይዛ ትገባለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ትወጣለች። ከቀትር በኋላ አጥሚት ይዛ ትገባለች፣ ባዶውን ሳሕን ይዛ ትወጣለች። አጥሚቱን የምትጠጣው ራሷ ነበረች። ውኃውን የምታቀርበው ለባዶ መደብ ነበር። አባቴ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጨው በስልቻ፣ ከጨው ሥር ጥይት አድርጎ፣ ዘቢዳር ተራራ ላይ ላሉት አርበኞች ይዞ ይወጣና ሲመሽ ይመለሳል። የት ሄደ የሚል አይኖርም፤ ኮሶ ጠጥቷላ! ከተማው ሁሉ እየሳቀበት ከተማውን ሁሉ አታለለ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው።

ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭንቅላቱ አልወጣም። ከወጣማ እንዲህ ቶሎ ቶሎ ለምን ይጠጣል? ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። የናቅሁት አባቴ ነበር፣ ግን አባቴ ነበር፤ ያለ እሱ ቤታችን አይታየኝም። አንድ የኮሶ ቀን ካለፈ በኋላ ጠዋት ተደብቄ ከእንሰቱ ሥር ገባሁ። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል። ቅጠሉን አነሣሁት። አፈሩ ደረቅ ነው። ትልም የለ፣ ሌላም የለ፣ ጉንዳን እንኳ የለ። በሁለተኛውም ጊዜ አየሁ፣ ደረቅ። በሦስተኛውም።

የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ትረዳለች? ትሉ ኮሶውን ራሱን እየጠጣ አንጀቱን አንቆ ይዟል፣ አባቴ ከውስጥ ሊፈነዳ ነው ብዬ ተረዳሁ። እየሮጥኩ ወደ ደበሌ ሄድኩ።

«ዶቶሬ፣ አባቴን ያድኑልኝ» አልኩት።

«ምን ሆነ?»

«ሦስት ጊዜ ኮሶ ጠጥቶ አልወጣለትም። ጉድጓዱን አይቼዋለሁ፤ ደረቅ ነው።»

ጠርሙስ ሲያጥብ ነበር። አስቀመጠው።

«ምንም የለውም? ተቅማጡስ?»

«ምንም። አፈር ብቻ ነው።»

እጁን በካፖርቱ ጠረገና ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየኝ። እንዲህ ቀረብ ብሎ አይቶኝ አያውቅም፤ ደስ አለኝ።

«ሲጠጣ አይተሽዋል?»

«አላየሁም። እናቴ አታስገባኝም።»

«ሲያቃስትስ ሰምተሻል?»

«በኮሶ ቀን አይናገርም።»

«ቀጥሎ መቼ ነው የሚጠጣው?»

«ከነገ ወዲያ መሰለኝ። እናቴ ትናንት ስትወቅጥ ነበር።»

ካራሜላ ሰጠኝ። አንድ አይደለም፣ እፍኝ ሙሉ። «ኮሊቴ ነው» አለ፤ «ከባድ ኮሊቴ። ያን ቀን መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ የባላገር ሴት መርፌ ስለምትፈራ ትከለክለናለች።» እኔም አልተናገርኩም። እናቴ የባላገር ሴት መሆኗን ማን ይክዳል?

ከሐኪም ቤቱ ስወጣ በሩ ላይ ከድጄ ተቀምጣለች። ሆዷን ይዛ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ተራዋን ትጠብቃለች። እሷ በዚያ ሳምንት በየቀኑ ትመላለስ ነበር፤ ከእምብርቷ በላይ እንደ ፍም ያቃጥላታል። ደበሌ «ጋስትሪቴ» ብሎ ዘይቱን ያጠጣታል።

በኮሶው ቀን ረፋዱ ላይ ደበሌ መጣ፤ ከእሱ ጋር ስድስት ባንዳዎች። አለቃቸው ከድሮ የሚባል፣ አባቴ የሚያውቀው የመንደራችን ሰው ነበር። እኔ መድኃኒቱ ብዙ ስለሆነ ለሸክም ያመጣቸው መሰለኝ። እናቴ ገንቦዋን እንደያዘች ጎጆዋ በር ላይ ቆመች።

«ኮሶ ጠጥቷል» አለች።

ከድሮ ወዲያው ቆመ። ጠመንጃ በትከሻው፣ የጣሊያን ቀይ ቆብ በራሱ ላይ፣ ግን ቆመ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃም ሄደ።

«ኮሶ ጠጥቷል ትላለች» አለ ለደበሌ። «ማታ እንመለስ። ነውር ነው።»

«ነውሩን እኔ እወስደዋለሁ» አለ ደበሌ።

«ደበሌ» አለች እናቴ፤ «አንተም እናት አለችህ። ኮሶ የጠጣ ሰው በር አይከፈትም።»

ደበሌ ገፋ አድርጓት ከፈተው። ባንዳ እንኳ ያፈረውን በር የከፈተው ወለል ጠራጊው ነው። ከድሮን አላከብረውም፣ የጣሊያን እንጀራ የበላ ሰው ነው፤ ግን ያቺን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄዱን አልረሳለትም።

እኔን ደበሌ «ሂጂ ተጫወቺ» ብሎ አባረረኝ። እናቴን ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አስቀምጠው አገቷት። የቀሩት ከእንሰቱ ውስጥ ተደብቀው ዋሉ። ጀንበር ስትገባ አባቴ በጓሮ በኩል ባዶ ስልቻውን በትከሻው ጣል አድርጎ መጣ። ሲይዙት አልታገለም። ካሚዮኑ ወደቆመበት መንገድ ሲወስዱት ከኋላቸው ሮጥኩ።

«አባ! አባ!» አልኩት። «አይዞህ፣ አሁን ጭንቅላቱ ይወጣልሃል! ለዶቶሬ ነግሬልሃለሁ! ጉድጓዱ ደረቅ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ!»

አባቴ ቆመ። እኔን አየኝ። ከእኔ ወደ ደበሌ አየ። ደበሌ የካፖርቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። አባቴ መልሶ እኔን አየኝና፣ እጆቹ ወደ ኋላ እንደታሰሩ፣ ፊቱ ፊቴ ጋ እስኪደርስ ጎንበስ አለ።

«ጎበዝ ልጄ» አለኝ። «አዎ፣ ይወጣልኛል። ግን አንቺ መሆንሽን ለእናትሽ አትንገሪያት። እሺ?»

«እሺ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ካሚዮኑ ላይ ጫኑት። እጄን አውለበለብኩለት። ካሚዮኑ ከዓይኔ እስኪጠፋ እየዘለልኩ አውለበለብኩ። ወደ ልጆቹም ተመልሼ «አባቴ ትልቅ ሐኪም ቤት በመኪና ሄደ» ብዬ ፎከርኩባቸው። «የትል ልጅ» ያሉኝ ሁሉ ቅናት ያዛቸው።

በሦስተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ወንዝ ዳር ረሸኑት። ሬሳውን ሰዎች በጋቢው ጠቅልለው አመጡት። ለእኔ «ሞተ» እንጂ እንዴት እንደሞተ የነገረኝ የለም። ትሉ ገደለው ብዬ አለቀስኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለደበሌ አዘንኩለት፤ ያን ያህል ደክሞ ሳይደርስለት ቀረ ብዬ።

በለቅሶው ላይ ሴቶቹ ማን ጠቆመ እያሉ ሲያንሾካሹኩ፣ አንዷ «ከድጄ እኮ በዚያ ሳምንት ከሐኪም ቤቱ ደጅ አልጠፋችም» አለች። በቃ። ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። አጥር የምትጋራ እሷ፣ አንገቷን እያሰገገች የምታይ እሷ፣ ስለ ትሉ የቀለደች እሷ። እናቴ ተነሥታ ከድጄ ፊት ቆመችና መሬቱ ላይ ተፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከድጄ ሰው አልነበረችም። እሳት የሚያውሳት ጠፋ። እንሰት ሲፋቅ ሴቶች ተሰብስበው ነው የሚሠሩት፤ የአንዷ ሲያልቅ ወደሌላዋ ይዞራሉ። ወደ ከድጄ ጓሮ የዞረ የለም። ብቻዋን ትቆርጣለች፣ ብቻዋን ትፍቃለች፣ ያልደረሰችበት እዚያው ይበሰብሳል። እኛ ልጆች ስታልፍ ድንጋይ እንወረውርባት ነበር። እኔ ዒላማዬ ጥሩ ነበር።

ጣሊያን በወጣ ጊዜ፣ አሥር ዓመቴ ላይ፣ ከዘቢዳር የወረዱ አርበኞች እናቴን ሊያጽናኑ መጡ። ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ ጨውና ስለ ጥይት፣ ስለ ባዶው ጎጆ ተናገሩ። «የኮሶ ቀኑን ማን ደርሶበት ይሆን?» አለ አንዱ። ሁሉም ወደ ከድጄ አጥር ዞሩ። እኔ እናቴ ጭን ላይ ተኝቼ ነበር። እጇ ፀጉሬ ውስጥ ነበር። ያን ሰዓት ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ደረቁ ጉድጓድ፣ እፍኝ ካራሜላው፣ የአባቴ ሳቅ። አፌን ብከፍት ያ እጅ ከፀጉሬ ይወጣል። አልከፈትኩም። ወላሂ ብያለሁ ብዬ ለራሴ አመካኘሁ፤ ደግሞም ምክንያቱ በጣም ተስማማኝ።

ደበሌስ? ጥቂት ወራት ተሰውሮ ቆየና ከጣሊያን ሐኪም ቤት የዘረፈውን መርፌና መድኃኒት በሣጥን ይዞ ተመለሰ። በሩን የከፈተው እሱ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ባንዳዎቹን ይዞ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል። «የታዘዘውን ነው ያደረገው» አሉ። ደበሌን ቢንቁት መርፌ ማን ይወጋቸዋል? ከድጄ ግን የሚፈልጉት አንድም ነገር አልነበራትም። ስለዚህ ንቀቱን ሁሉ እሷ ላይ አራገፉት፣ ለእሱ ደግሞ «ዶክተር» የሚለውን ስም ሰጡት። የእኛ ከተማ እንዲህ ናት። ሰውን የምትመዝነው በምትፈልገው ነገር ነው፤ ጥፋቱን የምትመዝንበት ሚዛን የላትም።

እኔ ነርስ ሆንኩ። ወልቂጤ ተመድቤ ስሠራ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ጠዋት ከድጄን በሸክም አመጧት። ቡና አተላ የመሰለ ታስመልሳለች፤ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። የጨጓራ ቁስለት ነው፣ ደሟ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። በዚያ ዘመን ያስተማሩን ቁስለት ከሐሳብና ከብስጭት ይመጣል ብለው ነበር። ዛሬ ባክቴሪያ ነው ይላሉ። ይሁን፤ እኔ ግን ያኔ አልጋው አጠገብ ስቆም መጽሐፉን አመንኩት።

«አንቺ የሸምሶ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ።

«ነኝ፣ እትዬ ከድጄ።»

«እኔ አባትሽን አልነካሁትም» አለች። ሃያ አንድ ዓመት ያመቀችው ይህችን ዓረፍተ ነገር ነበር። «የሚሰማኝ አጥቼ ነው እንጂ ሳልናገር ቀርቼ አይደለም።»

«አውቃለሁ» ልላት አፌን ከፈትኩ። «ይረፉ፣ አይናገሩ፣ ደሙ ይነሣል» አልኳት። ሕክምና ለፈሪ ሰው ስንት መደበቂያ ይሰጣል! ያን ጊዜ ትንሽ ተሽሏት ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዓመቱ ሞተች።

ሰደቃዋ ላይ ቡታጅራ እንዳለ ወጣች። ለከድጄ ብለው አይደለም። መርካቶ ውስጥ የከበረ የወንድሟ ልጅ ሁለት በሬ ስላረደ ነው። እሳት የነፈጓት ሴቶች ክትፎውን በቆጮ ይጎርሳሉ። ደበሌ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጧል፤ ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ካፖርቱን በአዲስ ለውጧል። እናቴም ነበረች፤ ጠላቷ መሞቷን ልታይ የመጣች ይመስለኛል። አንዱ ሽማግሌ «አላህ ይማራት፤ በምላሷ ያጠፋችውን እሱ ያውቃል» ሲል ተነሣሁ።

«ከድጄ አልጠቆመችም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴን ትል ሊገድለው ነው ብዬ ለዚህ ሰው ነገርኩት። አቶ ደበሌ፣ እዚህ ተቀምጠዋል። ይንገሯቸው።»

የሚያኝክ ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ደበሌ ቀስ ብሎ አፉን ጠረገ። 

«እኔ የሕክምና ሰው ነኝ» አለ። «ሕክምና ቤት ውስጥ የተነገረኝ ነገር ከእኔ ጋር ይቀበራል። የሙታንንም ምስጢር አላወጣም፣ የሕያዋንንም።»

«ማሻ አላህ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ይሄ ነው ሰው ማለት!» አንዷ ሴት ደግሞ እጄን ይዛ ቁጭ እያደረገችኝ፣ «አንቺስ ምን ዓይነት ደግ ነሽ! ለሟች ብለሽ ራስሽን ትወነጅያለሽ?» አለችኝ። ሌላዋ ሳሕኔ ላይ ክትፎ ጨመረችልኝ። ያንን የመሰለ ንቀት ለሰው ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ለእነሱም፣ ለራሴም። ከዚያም ማኘካቸውን ቀጠሉ።

የተነሣችው እናቴ ብቻ ናት። እጇን ሳትታጠብ ነጠላዋን ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። መንገዱን ስናጋምስ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ቆመች። አረጀችብኝ፤ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ እያየኋት አረጀች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት የምነሣው ያቺን ሴት ለመናቅ ነበር» አለች። «እሷን ባልንቅ ኖሮ አባትሽ የሞተ ሰሞን እኔም እሞት ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልናቅ?»

«እኔን» አልኳት።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አንቺን ለመናቅማ የቀረኝ ዕድሜ አይበቃኝም» አለችና ቀድማኝ ሄደች።